ስም የተቀረጸበት ብዕር

ርካሽ አሮጌ ብዕር የሚፈልግ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው፣ የባለቤቱ ስም የተቀረጸበትን ግዛ ነው። ሰብሳቢዎች ባለስም ብዕር አይወዱም። እነሱ የሚሹት ከሱቅ እንደ ወጣ የተቀመጠውን፣ ከተገኘም የዋጋ ወረቀቱ እንኳ ያልተላጠለትን ነው። ስለዚህ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ በቀለምም በዕድሜም የማይለያዩ ሁለት ብዕሮች በዋጋ ይራራቃሉ፤ የአንደኛው ጎን ንጹሕ ነው፣ በሌላኛው ላይ ግን የአንዲት የማናውቃት ሴት ስም በትናንሽ የላቲን ፊደላት ተቀርጿል። ሲጽፉ ያው ናቸው። እኔ የአጥቢያ ጸሐፊ እንጂ ሰብሳቢ አይደለሁምና ባለስሙን እገዛለሁ።

በዋሽንግተን አካባቢ በየዓመቱ በነሐሴ ትልቅ የብዕር ትርዒት ይደረጋል። በመስታወት ሣጥን የተቀመጡትን፣ ዋጋቸው የቤት ኪራይ የሚሸፍነውን፣ አይቼ አልፋለሁ። የእኔ ቦታ ጥጉ ነው፤ ያልታደሱ ብዕሮች በካርቶን ተከምረው የሚሸጡበት። አረንጓዴውን ባለስም ኤስተርብሩክ ብዕሬን ያገኘሁት እዚያ ነው። ሻጩ ደግ ሽማግሌ ነበር። ገንዘቡን እየቆጠረ፣ «ስሙ ከረበሸሽ በማለስለሻ እሺው፣ ወዲያው ይጠፋል» አለኝ። ሊረዳኝ ብሎ ነው። እንደ እኔ ላለች ሴት ግን የሰው ስም ማጥፋት እንዲህ በቀላሉ የሚነገር ነገር አይደለም።

ሥራዬን ልንገራችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ባለች አንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ስም እጽፋለሁ። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ሲጠመቁ የዓለም ስማቸውን፣ የክርስትና ስማቸውን፣ የክርስትና አባታቸውን ወይም እናታቸውን መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ለፍትሐት፣ ለአርባና ለሙት ዓመት ደግሞ ካህናቱ በጸሎት የሚያነሷቸውን ሰዎች ስም በወረቀት ጽፌ እሰጣለሁ። ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ላይ አለ፤ ወደ መቅደሱ የሚገባው ግን ወረቀቱ ነው። ሰው የሚታወቅበት ስምና ካህኑ የሚጠራው ስም አይገናኙም፤ ከተማው በሙሉ በቅጽል ስሙ የሚያውቀው የታክሲ ሹፌር እኔ መዝገብ ላይ ገብረ ሥላሴ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት የክርስትና ስሙን ረሳሁት ብላ ደውላ ስታለቅስ፣ አሮጌ መዝገብ ገልጬ ያገኘሁላት ጊዜ አለ።

ብዕር የማወዳድረው እንግዲህ ከዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። የምፈልገው ብዙ አይደለም። በየቀኑ ቢጻፍበት የማያደክም፣ ሳምንት ቢቀመጥ የማይደርቅ፣ ቢበላሽ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እኔው የማድነው፣ ቢጠፋም የማያስለቅስ። እስክሪብቶ ምን ነካው የምትሉኝ ካላችሁ፣ ምንም አልነካው፤ ተጭኜ ስጽፍበት አውራ ጣቴን ስለሚያመኝ ነው።

ኤስተርብሩክን ያቋቋመው ሪቻርድ ኤስተርብሩክ ከእንግሊዝ የመጣ የኩዌከር እምነት ተከታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 በኒው ጀርሲ ካምደን ከተማ የብረት ብዕር ጫፍ መሥራት ጀመረ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እኔ የምጽፍበት ጄ የሚባለው ዓይነት በ1940ዎቹ የወጣ ነው፤ ተማሪ፣ ጸሐፊና ሒሳብ ያዥ አቅሙ የሚፈቅድለት ብዕር። ጥበቡ ያለው ጫፉ ላይ ነው። ጫፉ ከነቀለም አሳላፊው እንደ አምፖል ተፈትቶ ይወጣና ሌላ ይገጠምለታል። እያንዳንዱ ጫፍ ቁጥር አለው። 1550 ለሒሳብ መዝገብ ተብሎ የተሠራ ቀጭን ነው፤ 2668 መካከለኛ ነው፤ በ9 የሚጀምሩት ጫፋቸው ላይ ጠንካራ ማዕድን የተበየደባቸው ውዶቹ ናቸው። በ1 እና በ2 የሚጀምሩት ግን ባዶ ብረት ስለሆኑ ወረቀት እየበላቸው ያልቃሉ፤ ያኔ ፈትቶ መጣልና ሌላ መግጠም ነው። ውስጥ ደግሞ ቀለሙን የሚይዝ የጎማ ከረጢት አለ። እኔ ስገዛው ከረጢቱ ድንጋይ ሆኖ፣ ብዕሩን ስወዘውዘው ስብርባሪው ይንሿሿ ነበር። አንገቱን በፀጉር ማድረቂያ አሙቄ አላቀቅሁት፤ ስብርባሪውን ጠርጌ 16 ቁጥር ከረጢት በልኩ ቆርጬ ሼላክ በሚባል ሙጫ አጣበቅሁ። አሳድሬ ቀለም ሞላሁት፣ ጻፈ። ጫፉ ያለቀ ስለነበር እሱንም ለወጥኩ።

ጫፉ የሷ አይደለም፤ ከረጢቱም የሷ አይደለም። የጻፈችበት ቀለም ታጥቦ ፍሳሽ ውስጥ ሄዷል። ከዚያች ሴት የቀረው የፕላስቲክ ግንዱና ስሟ ነው። ታዲያ ይህ የሷ ብዕር ነው ለማለት የሚያስደፍረኝ ምኑ ነው? ስሙን ባሸውስ ሌላ ብዕር ይሆናል?

ፍልስፍና የተማሩ ሰዎች እዚህ ላይ የቴሴዎስን መርከብ ያመጣሉ። ፕሉታርክ እንደሚነግረን አቴናውያን የመርከቡን ሳንቃ ባረጀ ቁጥር ይለውጡ ነበር፤ ፈላስፎቻቸውም ያው መርከብ ነው፣ አይደለም እያሉ ይከራከሩበት ነበር። ይህን ክርክር ወድጄው አላውቅም። መርከቡ ያው ባይሆን የሚጎዳ የለም። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻው ትንሣኤ ሙታን ነው፤ እዚያ ላይ ጥያቄው ሲመጣ ግን ይቆረቁራል። የሚነሣው ያው ሰው ካልሆነ፣ እኔ ስሙን የጻፍኩለት ሰውዬ የት ገባ?

ብዕሮቼን እያሰብኩ ስመለከት፣ አንድ ነገር ያው ሆኖ የሚቆይበትን መንገድ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው የሚመልሱ ይመስለኛል። ኤስተርብሩክ በመለወጥ ነው የሚኖረው። ፓርከር 51 ደግሞ ባለመለወጥ። 51 በ1941 ገበያ ላይ ሲወጣ ዋጋው 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ ለዚያ ዘመን ብዙ ገንዘብ ነው። የወርቅ ጫፉ በመሸፈኛ ውስጥ ተደብቆ ጥቂት ብቻ ብቅ ይላል፤ በዚህም የተነሳ ቶሎ አይደርቅም። በ1948 የጎማው ነገር ቀረና ከረጢቱ ከማይበሰብስ ፕላስቲክ ይሠራ ጀመር። የዚያ ዘመን 51 መሳቢያ ውስጥ ግማሽ ምዕተ ዓመት ተኝቶ ቢወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ በውሃ ማጠብ ነው የሚፈልገው። በእጄ ያለው አንድ ቀንም አላስቸገረኝ። በጽሕፈት የሚስተካከለው የለኝም፤ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ድምፅ የለውም። ለመግዛት ግን ከኤስተርብሩኩ ብዙ ይወደዳል። ታናሽ ወንድሙ ፓርከር 21 በ5 ዶላር የተሸጠ ነበር፤ ዛሬም ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ፕላስቲኩ ደካማ ነውና ጫፉን የሚሸፍነው ክፍል ይሰነጠቃል፣ ከተሰነጠቀ ደግሞ ጣት በቀለም ማበላሸት ነው። ለጀማሪ ፓርከር 45ን እመርጥለታለሁ። በ1960 የወጣ፣ በካርትሪጅ የሚጻፍበት፣ ጫፉም የሚፈታ፣ ብዙ የማይጠይቅ ብዕር ነው። ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ብዕር ነው፣ ሐሳብ ግን አይሰጠኝም።

51ን እያደነቅሁ መልሱ ግን አያጠግበኝም። ሥጋቸው ሳይፈርስ ቆየ የሚባልላቸው ቅዱሳን አሉ፤ እኛ የምንቀብራቸው የታክሲ ሹፌሮችና አስታማሚዎች ግን ይፈርሳሉ። ትንሣኤ ላልበሰበሰ ብቻ ከሆነ ለማናችንም አይደለም።

ሦስተኛው ከሻንጋይ ነው፤ ሄሮ 616። ፓርከር 51ን ተመልክቶ የተሠራ፣ የተደበቀ ጫፍ ያለው፣ በቻይና የተማሪና የሠራተኛ ብዕር የነበረ ነው። በጥቂት ዶላር ይገኛል። አንዳንዱ ከ51 የማይተናነስ ይጽፋል፤ አንዳንዱ ከሣጥኑ ሲወጣ ጀምሮ ያንጠባጥባል። የሚያስቀው ደግሞ ሄሮ ራሱ ስለ ገነነ ሐሰተኛ ሄሮዎች ገበያውን ሞልተውታል፤ ቅጂውን የሚቀዱ ማለት ነው። ሄሮ ቢሰበር አይጠገንም፣ ሌላ ይገዛል። ግለሰቡ ይሞታል፣ ዘሩ ይቀጥላል። በዚህ መልስ ላይ ለመሳለቅ አልቸኩልም፤ መጻሕፍቶቻችን የኖሩት እንዲሁ ነው። ዳዊቱ ሲያረጅ ቁም ጸሐፊው በአዲስ ብራና ይገለብጠዋል፤ አዲሱም ሙሉ ዳዊት ነው፣ ከአሮጌው አያንስም። ማንም ሰው ቅጂ ነው ብሎ ጸሎቱን አላቋረጠም። መጽሐፍ በቅጂ ይድናል። ሰው ግን በልጁ ይድናል ማለት ለሚሞተው ሰው መጽናኛ እንጂ መልስ አይደለም። ልጄ እኔን ትመስላለች፤ እኔ ግን አይደለችም።

አባቶች ይህን ጥያቄ ሳይፈሩ ገብተውበታል። የባስልዮስ ወንድም የኑሲሱ ጎርጎርዮስ በ379 ያረፈችውን እኅቱን ማክሪናን በሞት አልጋዋ ላይ አስቀምጦ ያነጋገረበት መጽሐፍ አለው። ጠያቂው እሱ ነው፣ መምህሯ እሷ። ሥጋ ወደ አፈርና ወደ ውሃ ከተበተነ በኋላ ነፍስ የራሷን በምን ታገኛለች ሲላት፣ የተቀላቀለ ቀለም የቱ ከየት እንደ መጣ ሠዓሊው እንደሚያውቅ ነፍስም የራሷን ታውቃለች ትለዋለች። አውግስጢኖስም በበኩሉ ሰው በሰው ቢበላስ፣ ሥጋው የየትኛው ይሆናል ብሎ እስከ መጠየቅ ሄዷል፤ መልሱ የፊተኛው ባለቤት ነው የሚል ነው። ደግሞም ቀልጦ እንደ ገና በሚሠራ ሐውልት ላይ የእጁ ብረት ወደ እግር ቢሄድ ለሠሪው ግድ እንደማይሰጠው ይናገራል። ሁለቱንም ሳነብ ልቤ ወደ ማክሪና ያዘነብላል፤ ነገሩን ቁሱ ላይ ሳይሆን በሚያውቀው ላይ አድርጋዋለችና። እኔ ግን ከነፍስም ራቅ ብዬ እሄዳለሁ። አልዓዛር በመቃብር ሳለ ራሱን አላወቀም፤ በስሙ የጠራው ነበረ። ያው ሰው መሆናችን በእጃችን ያለ ንብረት አይመስለኝም፤ በሚጠራን ዘንድ የተቀመጠ ነው።

ይህን ይዤ ወደ የኔታ ሄድኩ። በልጅነታቸው ቁም ጽሕፈት የተማሩ፣ መቃ ቀርጸው ለቀዩና ለጥቁሩ ለየብቻ ብዕር ያበጁ የነበሩ አዛውንት ናቸው። ከጥላሸት ስለሚሠራው ጥቁር ቀለም ሲያወሩ አይጠገቡም። አንድ ቀን ከእጃቸው ቀለም ወስጄ በብዕሬ እሞክረዋለሁ ስላቸው ገርሟቸው ነበር፤ በኋላ ግን እኔው ፈራሁ፣ ጥላሸቱ ቀጭኗን መተላለፊያ ይደፍናታልና። ስለ ባለስሙ ብዕር ነገርኳቸው። አልደነቃቸውም።

«ብራናውም እንዲያው ነው» አሉኝ። «ያስጻፈው ሰው ስም በቀይ ይገባል። መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ፣ አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን በቢላ ያስፍቅና የራሱን ያስገባል። ስንቱን አይቻለሁ።»

«የተፋቀውስ ሰው የኔታ? እሱ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል? እግዚአብሔር የሚያውቀው ብራና አይቶ ነው እንዴ?»

«እንዲያ ከሆነ እኔ ለምን እጽፋለሁ?»

«ለእኛ ነዋ ልጄ። የምንረሳው እኛ ነን።»

መልሱ ለብዙ ሰው ይበቃል። ለእኔ ግን አልበቃኝም፤ እስካሁንም የኔታን ከአክብሮት ጋር እሞግታቸዋለሁ። ጽሕፈቴ ለእኛ ብቻ ከሆነ ፍትሐት ለቀባሪ ማጽናኛ ሆኖ ይቀራል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ለሞተው ይጠቅመዋል ብላ ነው የምትጸልየው። እግዚአብሔር የማይረሳውን ስም ጥሩልኝ ካለ፣ በመጥራቱ ሥራ ውስጥ ለእኛም ድርሻ ሰጥቶናል ማለት ነው። እሱ የሚያደርገውን በትንሽ እናደርጋለን። ስም መፋቅ የሚከብደኝም ለዚህ ነው፤ በሟቹ ላይ የሚያጎድለው ነገር ባይኖር እንኳ፣ ከተሰጠን ሥራ ላይ ያጎድላል።

የኔታ ይህን ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ፣ «እንግዲያስ ያቺን የብዕሯን ሴት ልትጽፊያት ነዋ?» አሉኝ።

«እያሰብኩ ነበር።»

«ክርስትና ስሟን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ሞታለች?»

«አላውቅም የኔታ። ብዕሩ አሮጌ ስለሆነ ነው እንጂ።»

«በቁሟ ፍትሐት ልታስደርጊባት?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ልክ ናቸው። የማላውቀውን ሰው መጥራት አልችልም። ስለ ኤስተርብሩክ ኩዌከርነት ያነሳሁትም ያለ ምክንያት አይደለም። ቀደምት ኩዌከሮች በመቃብር ላይ ስም የተጻፈበት ድንጋይ ማቆምን ከንቱ ውዳሴ ነው ብለው ይቃወሙ ነበር። ሰውየው ከነዚያ ወገን ሆኖ፣ በስሙ የሚጠራው ኩባንያ ብዕሮች ሰዎች ስማቸውን የሚያስቀርጹባቸው ሆኑ። ኩዌከሮቹን እረዳቸዋለሁ፤ ድንጋይ አይጠራም። ጠሪ ከሌለ የተቀረጸ ስም ከጭረት አይሻልም። የዚያች ሴት ስም በብዕሬ ላይ ያለው በዚህ ሁኔታ ነው፤ ተጽፏል፣ የሚጠራው ግን የለም። እኔም ስሟን እዚህ አልጻፍኩትም፤ በሕይወት ካለች ፈቃዷን አልጠየቅኳትም።

ማለስለሻውን ሳልገዛ ተውኩት። ነገር ግን ቅርጹ ጥልቀት የለውም፤ ክዳኑን ከግንዱ ጫፍ ሰክቼ ስጽፍ ጣቴ የሚያርፈው ስሙ ላይ ነው። ሁለት ፊደላት ከገዛሁት ወዲህ ደብዝዘዋል። ላለማጥፋት ብዬ ያስቀመጥኩትን እየጻፍኩ አጠፋዋለሁ። ብዕሩን መሳቢያ ውስጥ ባኖረው ስሙ ይቆያል፤ ያኔ ግን ብዕር አይሆንም። በዚህ ጉዳይ የኔታን አልጠየቅኋቸውም፤ የሚሉኝን አውቀዋለሁ።

የቀለሙ ነገር ቀርቶኛል። የጥምቀት መዝገብ ውሃ ከሚረጭበት ቦታ አይርቅም። የተለመደው የሱቅ ሰማያዊ ቀለም አንዲት የጠበል ጠብታ ስታርፍበት የሕፃኑ ስም ደመና ይሆናል። ስለዚህ ለመዝገቡ የብረት ጨው ያለበትን ቀለም ነው የምጠቀመው፤ በእንግሊዝ የልደትና የጋብቻ መዝገብ ሲጻፍበት የኖረ ዓይነት ነው። ሲጻፍ ፈዘዝ ይላል፤ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ወረቀቱ ውስጥም ይገባል። ጠባዩ አሲድ ነውና ባዶ ብረት ይበላል። 51 ወርቅ ጫፍ ስላለው ይችለዋል። የኤስተርብሩክ ጫፍ ግን ያልቃል፤ ርካሽ ስለሆነ ይለቅ። በየጊዜው አጥባለሁ፣ ሲያልቅ እለውጣለሁ።

መጀመሪያ የገጠምኩለት 1550 ነበር። ለመዝገብ የተሠራ ነው፣ እኔም መዝገብ ጸሐፊ ነኝ፣ የተገናኘን መሰለኝ። ጠባብ መስመር ላይ ሦስት ስም ያስገባልኛል፤ ፊደሎቹም እንደ ዶቃ አልተደረደሩም አልልም፣ ኮርቼባቸዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ግን የሙት ዓመት ስም ዝርዝር የያዘውን ወረቀት ካህኑ ከመቅደሱ ይዘውት ወጡና፣ «እኅታችን፣ ይህ የሰው ስም ነው የጉንዳን መንገድ?» አሉኝ። ሻማውን አቅርበው እንኳ ሁለቱን ማንበብ አቅቷቸው ዘለዋቸዋል። ወለተ ኪዳንንና ተክለ ሚካኤልን። ወዲያው ጻፍኩላቸውና ተመልሰው ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ብዕር ሳወዳድር የሚያነበውን ሌላ ሰው ዓይን አብሬ አስባለሁ። 51ን በቀጭን ጫፉ የተነሳ ለግል ደብዳቤ አወረድኩት፤ ጫፉን ልለውጥ ብል መሸፈኛውን ማሞቅና መፍታት አለብኝ፣ ያንን ለባለሙያ ነው የምተወው። ሄሮውን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ወስደውታል። አረንጓዴውን ግን ያለ ምንም መሣሪያ በጣቴ ፈትቼ፣ 1550ን አውጥቼ 2668ን አስገባሁበት። አሁን በአንድ መስመር ሁለት ስም ብቻ ነው የሚገባው፤ ወረቀት ቶሎ ያልቃል። ካህኑ ግን መነጽራቸውን ሳይፈልጉ ያነቡታል።